ቀረጥ የቀረጸው ቤት

የዕቃ መኪና ገዝቶ፣ ሆዱን አራግፎ፣ አልጋና ቡታጋዝ ገጥሞ መንገድ መውጣት ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ የነፃነት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ታሪኩም በዚሁ ዜማ ይተረካል፤ መጀመሪያ የመንገድ ፍቅር ነበረ፣ ፍቅሩም መኪናውን ወለደ ይባላል። ይህ አተራረክ ለማስታወቂያ ይመቻል፤ ማስረጃው ግን አያግዘውም። ተራ ሰው በእጁ የሠራው እንዲህ ያለ የመኪና ቤት፣ ማለትም ካምፐር፣ መስኮቱ የት እንደሚቀደድ፣ አልጋው ተነቃይ ይሁን ወይስ ከወለሉ ጋር የተጠረቀመ፣ ማታ የት ቆሞ እንደሚያድር ሲወስኑ የኖሩት የባለቤቱ ኪስና የመንግሥት ደንብ ናቸው። ፍቅሩ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ፍቅር ግን በየዘመኑና በየአገሩ ነበረ፤ ካምፐሩ የተፈለሰፈው ደግሞ ኪስና ደንብ በተገናኙባቸው በጥቂት ቦታዎች ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሀብታሞቹ በኩል ይመጣል። ጡረታ የወጣው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም ጎርደን ስቴብልስ በ1885 «ዘ ዋንደረር» የተባለ በሁለት ፈረስ የሚጎተት ጋሪ ቤት አሠርቶ ወደ ስኮትላንድ ተጓዘ፤ ያስገደደው ቀረጥም ድህነትም አልነበረም። ኒው ዮርካዊው ባለሀብት ሮላንድ ኮንክሊንም በ1915 የራሱ ኩባንያ በሠራው ወጥ ቤትና መኝታ ባለው ግዙፍ አውቶቡስ ቤተሰቡን ይዞ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዷል። እነዚህ ሰዎች በእርግጥ ለደስታ ተጓዙ። ነገር ግን አንዳቸውም መኪና አልቀየሩም፤ አዘው አሠሩ። የስቴብልስ ጋሪ የብሪስቶል ዋጎን ፋብሪካ ሥራ ነበር፤ ጌታው ሲጓዝም አሽከሩ በሦስት እግር ብስክሌት እየቀደመ መንገዱን ይጠርግለት ነበር። ሐሳቡን የቀዱት ደግሞ በጋሪ ላይ መኖር የዕለት ኑሯቸው ከሆነው፣ በየመንደሩ ከሚባረሩት ከሮማ (ጂፕሲ) ሕዝቦች ነው። በባለሀብቱ እጅ ሲገባ ጨዋታ፣ በሮማው እጅ ሲሆን ወንጀል የሆነው ነገር አንድ ዓይነት ነበር። ይህን ልዩነት ልብ እንበለው፤ እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ለውጡን በሕዝብ ደረጃ ያመጣው የፎርድ ሞዴል ቲ ነው። በ1908 ሲወጣ 850 ዶላር ያወጣ የነበረው መኪና በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ወረደ፤ ምርቱ በ1927 እስኪቆም ድረስም 15 ሚሊዮን ገደማ ተሠራ። ገበሬውና ባለሱቁ መኪና ሲይዙ ለሆቴል የሚተርፍ ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ የኋላውን ቆርጠው የእንጨት ሳጥን ጫኑበት፣ ሸራ ወጠሩበት፣ የታሸገ ምግባቸውን ይዘው ክረምቱን ወደ ፍሎሪዳ ወረዱ። በ1919 ታምፓ ላይ የተመሠረተው ማኅበራቸው «የቆርቆሮ ጣሳ ቱሪስቶች» ይባል ነበር። ከተሞቹ መጀመሪያ ወደዷቸው፤ ገበያ ያመጣሉ ብለው ውሃና መጸዳጃ ያለው ነፃ ማደሪያ ሜዳ አዘጋጁላቸው። ብዙም ሳይቆይ ግን ከቱሪስቱ ጋር ሥራ ፈላጊው፣ ከሥራ ፈላጊው ጋርም ቤት የሌለው መምጣት ጀመረ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ሜዳዎቹ ክፍያና የቀን ገደብ የተጣለባቸው በዚህ ምክንያት ነው። የክፍያው ዓላማ ገቢ ማግኘት ብቻ ነበር ብሎ ማመን ይከብዳል፤ ጥቂት ሳንቲም ድሃውን ከሌላው ለመለየት በቂ ነበረች።

በቀጣዩ አሥር ዓመት ማጣሪያው ከሳንቲም ወደ ፖሊስ ተሸጋገረ። ድርቅና ዕዳ ከኦክላሆማና ከአጎራባች ግዛቶች ያፈናቀላቸው ቤተሰቦች የቤት አውቶሞቢላቸውን ቆርጠው የጭነት መኪና እያደረጉ ወደ ካሊፎርኒያ ጎረፉ። በየካቲት 1936 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ አዛዥ ከከተማው ክልል እጅግ ርቆ ወደሚገኘው የግዛቱ ድንበር 136 ፖሊሶች ልኮ ገንዘብ የሌላቸውን እያስመለሰ ነበር። ካሊፎርኒያ ድሃን ወደ ግዛቱ ማስገባትን ወንጀል የሚያደርግ ሕግም ነበራት፤ የሚስቱን ወንድም ከቴክሳስ በመኪናው ያመጣ አንድ ሰው ተፈርዶበት ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ሕጉ በ1941 ተሻረ። ጆን ስታይንቤክ በ1939 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ያለው ቤተሰብም የተሰደደው በተቆረጠ ሀድሰን መኪና ነው። ይኸው ደራሲ በ1960 አሜሪካን ሊጎበኝ ሲነሳ አዲስ ጂኤምሲ የጭነት መኪና ላይ ጎጆ አስገጥሞ በዶን ኪኾቴ ፈረስ ስም ጠራው። በሁለቱ መኪናዎች መካከል የ21 ዓመት ዕድሜ አለ፤ የቴክኒክ ልዩነታቸው ግን ያን ያህል አይደለም። አንዱን ድንበር ላይ የሚጠብቀው ፖሊስ፣ ሌላውን የሚጠብቀው አንባቢ ነው።

የክርክሬ ጠንካራ ማስረጃ ግን ያለው በብሪታንያ ነው። አገሪቱ በጦርነቱ ዘመን በ1940 የግዢ ቀረጥ ጣለች፤ ጦርነቱ ሲያበቃም ቀረጡ አልተነሳም። ለቤት አውቶሞቢል በ1951 የጅምላ ዋጋውን ሁለት ሦስተኛ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ከግማሽ አልወረደም። ዕቃ ለሚያመላልስ ዝግ ቫን ግን ወይ አይከፈልም ወይ ያነሰ ነበር። ታዲያ ቫን ገዝቶ እንደ ቤት መኪና ለመጠቀም ማን ይከለክላል? መልሱ መስኮት ነው። ከሾፌሩ ወንበር በስተኋላ ባለው ላሜራ ላይ መስኮት የቀደደ ሰው መኪናው የሰው ማመላለሻ ሆነ ተብሎ ቀረጡን ይጠየቃል። እዚህ ላይ ደንቡ አንዲት ቀዳዳ ተወ፤ አልጋ፣ ቁም ሳጥንና ማብሰያ በቋሚነት የተገጠመለት ቫን ተንቀሳቃሽ ቤት ነውና ከቀረጡ ነፃ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። መስኮት ያለው ርካሽ የቤተሰብ መኪና የፈለገ ሁሉ አልጋና ምድጃ ገጠመ። ፎክስቶን ከተማ የሚገኘው ማርቲን ዋልተር በ1950ዎቹ በቤድፎርድ ቫን ላይ የሚሠራው ዶርሞቢል ስሙ ለእንግሊዞች የካምፐር ሁሉ መጠሪያ እስኪሆን ገነነ፤ በየቤቱ ጓሮም ኮምፔንሳቶና ስፖንጅ ይዞ ደንቡን ልክ እንደ ንድፍ ወረቀት እያነበበ የሚሠራ ሰው በዛ። አልጋው ከግድግዳው ጋር በብሎን የታሰረው ስለሚመች አይደለም፤ ተነቃይ ቢሆን «ቋሚ» ስለማይባል ነው። በ1973 የግዢ ቀረጥ ተሽሮ በተጨማሪ እሴት ታክስ ሲተካ ይህ ትልቁ ጥቅም አበቃ፤ መልኩ ግን እንደ ልማድ ቀረ።

ጀርመንን የሚያነሳ ሰው ይኖራል፤ እንዲህ ያለ የመስኮት ቀረጥ በሌለበት አገር ከሁሉ የታወቀው ካምፐር እንዴት ተወለደ? የኔዘርላንዱ የቮልስዋገን አስመጪ ቤን ፖን በሚያዝያ 1947 በማስታወሻ ደብተሩ የነደፈው ቫን በመጋቢት 1950 መመረት ጀመረ፤ አዲስ አበባ «ቮልስ» ብላ ከምታውቃት ትንሽ መኪና የሞተር ዘመድ ነበር። በ1951 የቪደንብሩኩ ቬስትፋሊያ ለዚህ ቫን «ካምፒንግ ቦክስ» የተባለ የእንጨት ዕቃ አቀረበ። ይህ ሣጥን ተነቃይ መሆኑ የክርክሬ ሌላ ምስክር ነው። ከጦርነቱ ፍርስራሽ ገና እየወጣች ባለች አገር ሁለት መኪና የሚይዝ ነጋዴ ጥቂት ነበር፤ በሳምንቱ የሥራ ቀናት ዕቃ የሚያመላልሰው ቫን ቅዳሜ ሣጥኑ ሲገባበት መኝታ ይሆናል፣ ሰኞ ሣጥኑ ወጥቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። እንግሊዝ አልጋውን እንዲያስር የገፋው ቀረጥ ነው፤ ጀርመን እንዲነቀል ያደረገው ኪስ። አንድ ዓይነት ናፍቆት ሁለት ተቃራኒ ዕቃ መውለዱን የመንገድ ፍቅር ብቻውን ሊያብራራው አይችልም።

የ1960ዎቹን ወጣቶች የሚጠቅስም አለ፤ እነዚያስ ደንብ ጥሰው ኪስ ንቀው አልወጡም ወይ? ዝነኛው ምሳሌ ደራሲው ኬን ኪሲ በ1964 ከካሊፎርኒያ ወደ ኒው ዮርክ የተጓዘበት ባለ ኅብረ ቀለም አውቶቡስ ነው። ስለዚህ አውቶቡስ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። በ1939 የተሠራ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነበር፤ አልጋና ወጥ ቤት የገጠመለትም ኪሲ ሳይሆን 11 ልጆቹን ለእረፍት ለመውሰድ የፈለገ የአውቶቡሱ የቀድሞ ባለቤት ነው። የአብዮት ምልክት የሆነው መኪና የተቀየረው፣ ለ11 ልጅ የሆቴል ሂሳብ መክፈል ባስጨነቀው አባት ወይም ሂሳቡን ቀድሞ ባሰላ አባት እጅ መሆኑ ያስቃል፤ ግን ያስተምራልም። በ1971 ቴነሲ ውስጥ «ዘ ፋርም» የተባለውን መንደር የመሠረቱት የስቲቨን ጋስኪን ተከታዮችም ከሳን ፍራንሲስኮ የመጡት በአሮጌ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ነበር፤ ቤት እስኪሠሩ የኖሩትም በዚያው ውስጥ ነው። እምነታቸውን አልጠራጠርም። አገልግሎቱን ጨርሶ በርካሽ የሚሸጥ አውቶቡስ በየአውራጃው ባይኖር ግን እምነቱ በእግር ይሄድ ነበር።

ብሪታንያ ውስጥ ተከታዩ ትውልድ በሥራ አጥነት ዘመን በአሮጌ አውቶቡስና አምቡላንስ መኖር ሲጀምር መልሱ ሌላ ሆነ። ሰኔ 1 ቀን 1985 ወደ ስቶንሄንጅ የሚያመራውን ሰልፍ ፖሊስ አንድ የባቄላ ማሳ ላይ ከቦ የመኪና ቤቶቹን መስኮት ሰባበረ፤ ከ500 በላይ ሰዎችም ታሰሩ። ከጊዜ በኋላ በ1991 ፍርድ ቤት ለተወሰኑት ካሳ ቢፈርድም በ1994 የወጣው ሕግ አካባቢያዊ አስተዳደሮች ለተንቀሳቃሽ ነዋሪዎች ማቆሚያ የማዘጋጀት ግዴታቸውን አነሳ። በዚያው ዘመን ጡረተኛው በዶርሞቢሉ ወደ ባሕር ዳርቻ ሲወርድ የሚያስቆመው አልነበረም። ሁለቱም አልጋ፣ ምድጃና አራት ጎማ ነበራቸው።

ደንቡ ዛሬም ንድፍ አውጪ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ዕቃ ጫኝ የሆነ ተራ ቫን መሀል አካፋይ በሌለው አውራ ጎዳና ላይ የተፈቀደለት ፍጥነት በሰዓት 50 ማይል ነው፤ ክብደቱ ከተወሰነው ካላለፈ ካምፐር የሆነው ግን 60 ማይል ይነዳል። ሞተሩም ፍሬኑም ያው ነው፤ የጨመረው አልጋና ምድጃ ነው። በሊብሬው ላይ ካምፐር ለመባል ደግሞ ውስጡ ብቻ አይበቃም፤ መዝጋቢው ባለሥልጣን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መኪናው ከውጭም ካምፐር እንዲመስል ይጠይቃል። በጎኑ ከአንድ በላይ መስኮት፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ የሸራ መወጠሪያ ብረት፣ ሥዕል እንኳ ሳይቀር ይታያል። በሌላ በኩል ሎስ አንጀለስ በ1983 መኪናን መኖሪያ ማድረግን በከተማ ደንብ ከለከለች፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2014 የሻረው ደንቡ ግልጽ ስላልሆነ፣ ፖሊስም ቱሪስቱን ትቶ ድሃውን እንዲመርጥ በር ስለሚከፍት ነው። ፖሊስ እንዳይመርጠው ሲል የቤት ኪራይ ከአቅሙ በላይ የሆነበት የዘመናችን ሠራተኛ ቫኑን ሲቀይር መስኮት አይቀድም፤ ጣሪያውን ከፍ አያደርግም፤ ከውጭ የቧንቧ ሠራተኛ መኪና እንዲመስል ነጭ አድርጎ ይተወዋል፤ አየር ማስገቢያውንም ከወለሉ በታች ይደብቃል። መዝጋቢው «ካምፐር አይመስልም» ብሎ የሚመልሰው ይህንኑ መኪና ነው።