የወንዝ ጠበቃ ከወዴት ይገኛል?

ባለፈው ክረምት ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ደምበጫ ሄጄ ሳለ፣ በቅርቡ ከሕግ ትምህርት ቤት የተመረቀ የጎረቤቶቻችን ልጅ ቡና ላይ አንድ ጥያቄ አቀረበልኝ። «ጋሼ፣ ለወንዝና ለደን ጠበቃ ሆኖ እንጀራ መብላት ይቻላል ብለው ያምናሉ?» በዕለቱ የሰጠሁት መልስ እኔንም አላረካኝም፤ ስለዚህ እነሆ ታሪኩን ላቅርብ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ደነገገ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ተከታትለው ወጡ። የኋለኛው አንቀጽ 11 በእኔ አስተያየት ከደፋሮቹ ድንጋጌዎቻችን አንዱ ነው። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 33 መሠረት በጉዳዩ ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ ሊሆን አይችልም። አንቀጽ 11 ግን ማንም ሰው የግል ጥቅሙን ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ፈቀደለት፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካጣ ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። «አንተ ምን አገባህ?» የሚለው የአገራችን ነባር መልስ፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ፣ ተሻረ።

ይህ በር የተፈተነው በአቃቂ ወንዝ ነው። አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሴሽን ፎር ዘ ፒፕል (አፓፕ) የተባለው የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የወንዙን መበከል ይዞ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሰሰ። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 ክሱን ውድቅ አደረገው። የክርክሩ እምብርት፣ ያልበከለ መሥሪያ ቤት በካዩን ባለመቆጣጠሩ ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም የሚለው ነበር። በእኔ እምነት መጠየቅ ነበረበት፤ ዘበኛ ተኝቶ ቤት ሲዘረፍ ሌባውን ብቻ ፈልጉ ማለት ለባለቤቱ ምኑ ነው?

ነገሩን የሚያከብደው፣ ያን መሥሪያ ቤት ይመሩ የነበሩት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር መሆናቸው ነው። በካርታኼና የሥነ ሕይወት ደኅንነት ፕሮቶኮል ድርድር የአፍሪካ ቡድን አፈ ጉባኤ ሆነው ኃያላኑን የተሟገቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበሉ ዕፅዋት ተመራማሪ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. አርፈዋል። በሞንትሪያል ያሸነፈ ክርክር አቃቂ ላይ ክንዱ ዛለ፤ ይህን የምለው ሰውየውን ለመንቀፍ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራትን ከመብት ሥራ አገደ። እንዲህ ያለውን ክስ በነጻ ሊይዝ የሚችል ማኅበር በአብዛኛው በውጭ ገንዘብ የቆመ ነበርና ሙያው ገና ሳይወለድ ጡት ተነሣ። እገዳው የተነሣው ከ10 ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው።

ይህን ሁሉ ለወጣቱ በስልክ ነገርሁት። ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና ጠየቀኝ፦ «የእኛ የተምጫ ጉዳይ ቢሆን አቤቱታው ለክልሉ ነው አይደል? ሠላሳው ቀን ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል?»