13 ቁጥሮች ሕገ መንግሥት ሲሆኑ

መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 ስለ ንግሥተ ሳባ የሚናገረው በ13 ቁጥር ብቻ ነው። መጣች፣ ጠየቀች፣ ስጦታ ሰጠች፣ ወደ አገሯ ተመለሰች። ወለደች አይልም። የምኒልክን መወለድና የታቦተ ጽዮንን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የሚተርከው በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተጠናቀረው ክብረ ነገሥት ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ ዝም ባለበት ቦታ መናገር የኢትዮጵያ ብቻ ልማድ አይደለም። ልዩነቱ የተጨመረው ነገር በማን ስም ይነገራል የሚለው ላይ ነው።

አይሁድ ይህን ሥራ ሚድራሽ ይሉታል። ኦሪት ዘፍጥረት ስለ አብርሃም ልጅነት አይናገርም፤ ረቢዎቹ ግን የአባቱን ጣዖታት እንደሰባበረ ይተርካሉ። ትረካው በተናጋሪው ረቢ ስም ይቀመጣል፣ ሌላው ረቢም ሊቃወመው ይችላል። በኦሪቱ ላይ ግን አንዲት ፊደል አትጨመርም።

ሞርሞኖች በሌላ መንገድ ሄዱ። ዘፍጥረት ምዕራፍ 5 ስለ ሄኖክ የሚለው ጥቂት ነው። መሥራቻቸው ጆሴፍ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1830 ተገለጠልኝ ብሎ ረጅም የሄኖክ ታሪክ አስጻፈ። ዛሬ ታሪኩ ከቅዱሳት መጻሕፍታቸው አንዱ በሆነው መጽሐፈ ሙሴ ውስጥ ይነበባል። አስተያየትን መሞገት ይቻላል፤ ራእይን መሞገት ግን ይከብዳል።

በኢትዮጵያ ሁለቱም አሉ። የአንድምታ ሊቃውንት አንዱን ፍች ከሰጡ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላ ያክላሉ። ክብረ ነገሥት ግን ከመጽሐፍነት አልፎ ዙፋን ላይ ወጣ። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የንጉሡን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ አያይዞ ደነገገ።

በባሌ፣ ደሎ መና ያለው ሙስሊም ገበሬ ሱለይማንንና የሳባዋን ንግሥት ከቁርአን ያውቃቸዋል። የምኒልክ መወለድና የታቦቱ ወደ ኢትዮጵያ መምጣት ግን እዚያ የሉም። ሕጉ የአገሩን ዙፋን የመሠረተው እሱ በማይጋራው ታሪክ ላይ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ገደማ ተነሥቶ እስከ 1962 የዘለቀው፣ ዋቆ ጉቱ የመሩት የባሌ አመፅ ዋና ምክንያቱ መሬትና ግብር ነበር። ነገር ግን ገበሬው ከግብሩ ጋር የተሸከመው ሌላም ሸክም ነበረው፤ በአገሩ ታሪክ ውስጥ እንደ እንግዳ መቆጠር።

ክብረ ነገሥት ታላቅ የሥነ ጽሑፍ ቅርስ ነው፣ ሊጣልም አይገባም። ጉዳት የሚመጣው ትረካ አዋጅ ሲሆን ነው። ዛሬም በየብሔሩና በየእምነቱ አዳዲስ «ክብረ ነገሥቶች» እየተጻፉ ነው። እያንዳንዳቸውን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፦ ለሌላው «አንድም» ቦታ ትቷል?