የእንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግሶች በፈረንሳይኛ ተርጓሚዎች እጅ

ሐረጋዊ ግስ የሚባለው አንድ አጭርና የተለመደ የእንግሊዝኛ ግስ እንደ «አፕ»፣ «አውት» ወይም «ኦፍ» ካለ አጃቢ ቃል ጋር ተጣምሮ፣ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ቃላት ፍች በቀጥታ የማይገመት ትርጉም የሚሰጥበት አነጋገር ነው፤ «ጊቭ» መስጠት፣ «አፕ» ወደ ላይ ሆነው ሳለ «ጊቭ አፕ» መተው ወይም ተስፋ መቁረጥ ይሆናል። ስያሜውን በጽሑፍ ያስተዋወቁት ሎጋን ፒርሶል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተሙት መጽሐፍ ሲሆን፣ ቃሉን ያገኙት ከኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች አንዱ ከነበሩት ከሄንሪ ብራድሊ መሆኑን ገልጸዋል። እነዚህን ግሶች ወደ ፈረንሳይኛ የመመለስ ችግር ግን ከስያሜው በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም ከመሆኑም በላይ፣ ሥሩ የሚገኘው በሁለቱ ቋንቋዎች የጋራ ታሪክ ውስጥ ነው።

ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የእነርሱ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የችሎት ቋንቋ በመሆኑ፣ እንግሊዝኛ እንደ «ኤንተር»፣ «ዲሴንድ» እና «ሪተርን» ያሉትን ግሶች ተውሶ በነባሮቹ «ጎ ኢን»፣ «ጎ ዳውን» እና «ካም ባክ» ጎን አስቀመጣቸው፤ ከጊዜ ብዛትም ነባሮቹ ለዕለት ንግግር ሲቀሩ፣ ተውሶዎቹ ለጽሕፈትና ለክብር ቦታ ተለዩ። ጥንታዊው ፈረንሳይኛም ቢሆን አጃቢ ቃል የሚከተላቸው ግሶች ነበሩት፤ በኋላ ግን አብዛኞቹ ከአገልግሎት ስለወጡ፣ ተንደርድሮ ማጥቃት የሚል ፍች እንዳለው «ኩሪር ሱ» ያሉ ጥቂቶች ብቻ እንደ ቅሪት ተርፈዋል። ስለዚህ ተርጓሚው «ጎ ኢን» የሚለውን «አንትሬ» ብሎ ሲመልስ ትርጉሙን አይስትም፤ «ጎ ኢን» እና «ኤንተር» በእንግሊዝኛ የነበራቸው የደረጃ ልዩነት ግን ፈረንሳይኛው ላይ ሲደርስ ይጠፋል። «ፑት አፕ ዊዝ»፣ ማለትም መታገሥ የሚለውን ተራ ንግግር ሁልጊዜ «ቶሌሬ» በሚለው ግስ መተርጎምም ከዚህ የባሰ ነው፤ በጎረቤቱ ጩኸት የተማረረን ሰው እንደ ዳኛ ያናግረዋል።

ለብዙ ዘመን ችግሩ የቃላት ክምችት ጉዳይ ተደርጎ ይታይ ነበር። ሉዊ 14ኛ ለፕሮቴስታንቶች መብት ሰጥቶ የነበረውን የናንት አዋጅ በ1685 ከሻሩ በኋላ ብዙ ሁጉኖዎች፣ ማለትም የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች፣ ወደ ለንደን የተሰደዱ ሲሆን፣ ከስደተኞቹ አንዱ የነበሩት አቤል ቦየ በ1699 ሰፊ የፈረንሳይኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አሳተሙ። ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ በ1755 ባወጡት የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መቅድም፣ ለባዕዳን ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ይህ የግስ ዓይነት መሆኑን ጠቅሰው በልዩ ጥንቃቄ እንደሰበሰቡት ያስረዳሉ። ከምሳሌዎቻቸው መካከል «ሴት ኦፍ» ማስዋብ፣ «ቴክ ኦፍ» ደግሞ መቅዳት ተብለው ተፈትተዋል፤ ዛሬ ለአብዛኛው አንባቢ ፊተኛው ጉዞ መጀመርን፣ ሁለተኛው ልብስ ማውለቅን ወይም የአውሮፕላን መነሣትን ቀድሞ ያሳስበዋል። ግሱን ከነአጃቢው እየመዘገቡ ፍቺ መደርደር ጠቃሚ ቢሆንም ዝርዝሩ ቶሎ ያረጃል፤ ግሶቹ የሚተረጎሙበትን መንገድም አያሳይም።

መንገዱ በግልጽ የተቀመጠው ካናዳ ውስጥ ነው። የ1867ቱ ሕገ መንግሥት የፌዴራሉ ምክር ቤት መዛግብትና ሕጎች በሁለቱም ቋንቋዎች እንዲወጡ በማዘዙ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ተበትነው ይሠሩ የነበሩት የመንግሥት ተርጓሚዎች በ1934 በአንድ የትርጉም ቢሮ ሥር ተሰበሰቡ። ሥራው በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ ብቻ የሚፈስ በመሆኑ የእንግሊዝኛው አገነባብ ቀስ በቀስ ወደ ፈረንሳይኛው ይገባ ጀመር። ፈረንሳይ ተወልደው በሰሜን አሜሪካ ያስተምሩ የነበሩት ዣን ፖል ቪኔ እና ዣን ዳርበልኔ በ1958 ባሳተሙት የሁለቱ ቋንቋዎች ንጽጽራዊ የአጻጻፍ ጥናት መግቢያ ላይ፣ ከኒው ዮርክ ወደ ሞንትሪያል በሚወስደው መንገድ የሚታዩትን ምልክቶች የሚያነሡት ለዚህ ነው፤ «ስሎው» የሚለው በኬቤክ «ላንትማን»፣ ቀስ ብሎ ተብሎ ተጽፏል፤ ፈረንሳዊ ግን ከእንግሊዝኛ ሳይነሣ ቢጽፍ «ራላንቲር» በሚል ግስ ይጠቀማል።

ሁለቱ ሊቃውንት ካስተዋወቋቸው ስልቶች ለሐረጋዊ ግስ ዋነኛው ተጣማሪዎች ቦታ ከሚለዋወጡበት የዳንስ እርምጃ ስሙን የወሰደው «ሻሴ ክሩዋዜ» ነው። ፈረንሳዊው አብራሪ ብሌሪዮ በ1909 እንግሊዝንና ፈረንሳይን በሚለየው በላ ማንሽ ባሕር ላይ በረው መሻገራቸውን እንግሊዝኛው ሲናገር፣ ዋናው ግስ «ፍሉ»፣ ማለትም በረረ የሚለው ነው፤ መሻገሩን የሚነግረው «አክሮስ» የሚለው አጃቢ ነው። ፈረንሳይኛው ግን መሻገሩን «ትራቨርሳ» ብሎ በግሱ ላይ ይጭንና፣ አበራረሩን «አን አቪዮን»፣ በአውሮፕላን ብሎ በጭራ ያስከትላል። አማርኛም እንዲሁ የፈረንሳይኛ ወገን ነው፤ «ወንዙን ዋኝቶ ተሻገረ» የሚል ሰው መሻገሩን በዋናው ግስ፣ መዋኘቱን በቦዝ አንቀጽ ይናገራልና። የቋንቋ ሊቁ ሌናርድ ታልሚ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የዓለም ቋንቋዎችን አቅጣጫን በግስ የሚገልጹና በአጃቢ የሚገልጹ ብለው የከፈሉት ይህንኑ ልዩነት ሰፋ አድርገው ነው።

ስልቱ ግን በሁሉም ቦታ አይሠራም። አንድ ሰው ወደ ክፍሉ «ዎክድ ኢን» ሲባል እግር የሚጠበቅ ነገር ስለሆነ፣ ጥሩ ተርጓሚ «አንትራ» ብሎ ያልፈዋል፤ «በእግሩ» የሚል ጭራ ቢጨምርበት አንባቢው ፈረስ ወይም መኪና ለምን እንዳልነበረ ይጠይቃል። እንደ «ኢት አፕ» ባሉት ደግሞ አጃቢው አቅጣጫን ሳይሆን ድርጊቱ እስከ መጨረሻው መፈጸሙን ስለሚያመለክት፣ ፈረንሳይኛው «ፊኒር»፣ መጨረስ ወደሚል ግስ መዞር ይኖርበታል።

በምሥራቅ ካናዳ በሚነገረው በአካዲያ ፈረንሳይኛ፣ በተለይም በኒው ብረንስዊክና በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት፣ ተናጋሪዎች ከተርጓሚዎቹ ተቃራኒውን አደረጉ፤ ትርጉም ሳይጠብቁ «ባክ» የሚለውን አጃቢ ራሱን ወስደው «ረቭኒር ባክ» አሉ፤ ቃሉም ከመመለስ አልፎ አንድን ነገር ደግሞ መሥራትን እስከ መግለጽ ደረሰ። ኒው ብረንስዊክ በ1969 ሁለቱን ቋንቋዎች በሕግ እኩል ካደረገች ወዲህ፣ የመንግሥት ተርጓሚዎች በሰነድ ላይ «ረቭኒር» ብቻ ሲጽፉ፣ በግዛቲቱ ከተማ በመንክተን ጎዳናዎች «ባክ» እንደተለመደው ይነገራል።