የአሳማ ፅንስ በላብራቶሪ

የአሳማ ፅንስን በላብራቶሪ ማሳደግ የተዳቀለን እንቁላል ከማህፀን ውጭ፣ በተቀመመ ፈሳሽና በኢንኩቤተር ውስጥ ብላስቶሲስት (ፈሳሽ የያዘ የሕዋሳት ኳስ) እስኪሆን የማቆየት ሥራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ይፈጃል። በአሳማ ሥራው ከሌሎች እንስሳት ይልቅ አስቸጋሪ ነው። አንድ እንቁላል ውስጥ ከአንድ በላይ የወንዴ ዘር መግባቱም በአሳማ ጎልቶ ይታያል።

በአራት ሕዋስ መቆም

በቀደሙት ሙከራዎች ብዙዎቹ ፅንሶች አራት ሕዋስ ሲደርሱ ይቆሙ ነበር። ፅንሱ እስከዚያ የሚኖረው እናቲቱ በእንቁላሉ ውስጥ ባኖረችለት ስንቅ ነው፤ የራሱ ዘረመል በስፋት መሥራት የሚጀምረው በዚህ ደረጃ ነው። በተፈጥሮም ከእንቁላል ቱቦ ወደ ማህፀን የሚወርደው በዚሁ ሰሞን ነው። የማይመች ፈሳሽ የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ መሸጋገሪያ ላይ የሚገለጠውም ከዚህ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም። በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የአሳማ ፅንስ ከአይጥ በተወሰደ የእንቁላል ቱቦ ውስጥ ሲቆይ ደረጃውን ማለፍ ቻለ። ይህ ውጤት ትልቅ ትርጉም አለው፤ ጉድለቱ በአብዛኛው የፈሳሹ እንጂ የፅንሱ እንዳልሆነ አሳይቷልና። በ1993 የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ታውሪንና ሃይፖታውሪን የተጨመሩበትን ኤንሲኤስዩ-23 የተባለ ፈሳሽ አስተዋወቁ።

የግሉኮስ ክርክር

ኤንሲኤስዩ-23 ግሉኮስ አለው። በ2002 የጃፓን ተመራማሪዎች ያወጡት ፒዜድኤም-3 ግን ግሉኮስ የለውም፤ ፓይሩቬት፣ ላክቴትና አሚኖ አሲዶች ይዟል፤ የተቀመመውም የአሳማን የእንቁላል ቱቦ ፈሳሽ መነሻ አድርጎ ነው። በዚያው ዓመት ሌላ የጃፓን ቡድን ለመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ፓይሩቬትና ላክቴት፣ ከዚያ ግሉኮስ ሰጥቶ ግልገሎች አስወልዷል። ከሁለቱ ሥራዎች ሲታይ ጥያቄው ግሉኮስ ይጎዳል ወይ ከሚለው ይልቅ መቼ ይሰጥ የሚለው ይመስላል።

ቅዝቃዜ

የአሳማ ፅንስ ቅባት ይበዛበታል። በዚህም የተነሳ ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲቀዘቅዝ ክፉኛ ይጎዳል።

ጋዝና ከፍታ

የተለመደው ሙቀት ከ38.5 እስከ 39 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 5 በመቶ ነው። ኦክስጅንን ወደ 5 በመቶ ዝቅ ማድረግ ከተራ አየር ይልቅ በብዙ ሙከራዎች ተመራጭ ሆኗል፤ ውጤቱ ግን እንደ ፈሳሹ ይለያያል።

እነዚህ መቶኛዎች የተለመዱት ለባሕር ወለል በሚቀርቡ ላብራቶሪዎች ነው፤ ለኢትዮጵያ ደጋ እንዳሉ ሊወሰዱ አይገባም። አብዛኛው የኦርቶዶክስና የሙስሊም ሕዝብ አሳማ ስለማይበላ በአገሪቱ የአሳማ እርባታ ጠባብ ነው፤ የፅንስ ዝውውር ሥራም የሚታወቀው በላሞች፣ በተለይ በቢሾፍቱ ነው። የከፍታው ጉዳይ ግን ለላምም ለአሳማም አንድ ነው። ለምሳሌ በሐይቅ ከተማ አካባቢ ያለው የአርዲቦ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። በ2,000 ሜትር የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ 78 በመቶ ይወርዳል። የፈሳሹን አሲዳማነት የሚወስነው የጋዙ ግፊት እንጂ መቶኛው ስላልሆነ፣ በዚያ ከፍታ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላ ኢንኩቤተር ፈሳሹን ከሚፈለገው በላይ አልካላይን ያደርገዋል። በኢንኩቤተሩ ውስጥ ያለው የውኃ ተን ታስቦ ሲሰላ፣ በባሕር ወለል 5 በመቶ የሚሰጠውን ግፊት ለማግኘት በአርዲቦ ከፍታ 6.5 በመቶ ገደማ ያስፈልጋል። ለኦክስጅኑም ስሌቱ ያው ነው።