ረዳት ውሻን ከሰፈር ውሾች መካከል መምረጥ፦ የነፋስ ስልክ ላፍቶ ሁኔታ

በአዲስ አበባ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጀሞ ኮንዶሚኒየሞች እስከ ለቡና ሐና ማርያም፣ ባለቤት አልባ የሚባለው ውሻ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ሰው አያጣም። የሌሊት ዘበኛው ትርፍራፊ ያቀምሰዋል፤ ከሥጋ ቤቱ አጥንት ይጣልለታል። በሌላው ዓለም አካል ጉዳተኞችን የሚያግዝ ረዳት ውሻ የሚፈለግበት የውሾች መጠለያ እኛ ዘንድ እምብዛም ስለሌለ ጉዳዩ ገና ሳይነሣ የተዘጋ ይመስላል። እኔ ግን ከሰፈር ውሾች ረዳት መምረጥ ይቻላል እላለሁ፤ ምርጫው በአንድ ቀን ፈተና ሳይሆን ተደጋግሞ በታየ ጠባይ ከተመሠረተና ሥራው በልኩ ከተወሰነ።

የአንድ ቀን ፈተና ለምን አይበቃም? ተመራማሪዎቹ ዌይስና ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት በመጠለያ ውሾች ላይ የተለመደውን የምርጫ ፈተና ሲመረምሩ፣ አብዛኞቹ ክፍሎቹ ውሻው ኋላ በሥልጠና የሚያሳየውን ውጤት በወጉ እንደማይተነብዩ አገኙ። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፤ ገና ተይዞ የመጣ ውሻ በፍርሃት ዝም ሲል ጨዋ ይመስላል። የሰፈር ውሻ ግን ታሪኩ ባደባባይ ነው። ባጃጅ ሲያልፍ ያሳድዳል ወይ? ሲበላ የቀረቡትን ይናከሳል ወይ? ቡችላ ሳለ በሰዎች መካከል አድጓል ወይ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ተመራማሪዎቹ ስኮትና ፉለር እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳሳዩት ቡችላ ከሰው ጋር የሚላመድበት ዋናው ጊዜ በግምት ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ነው። ከሁሉም በላይ የሚፈተሸው ግን ድንጋጤ ነው። የማይደነግጥ ውሻ የለም፤ የሚፈለገው ደንግጦ ቶሎ የሚረጋጋው ነው። ይህን ደግሞ ከማንም በፊት የሚያውቀው ዘበኛው ነው።

ሥራውን በተመለከተ፣ ዓይነ ስውርን መንገድ በመምራት መጀመር ስህተት ይመስለኛል። መሪ ውሻ አደጋ ካየ የጌታውን ትእዛዝ እንኳ መጣስ አለበት፤ ለዚሁ ተብለው ከተዳቀሉት ውሾች መካከል ብዙዎቹ ሥልጠናውን አይጨርሱም። በእኛ መንገድ ላይ ደግሞ ክፍት ቱቦ አለ፣ የሌላ ሰፈር ውሾች መንጋም አለ። መስማት ለተሳነው ሰው የበር መንኳኳትን ወይም የሕፃን ለቅሶን በመጠቆም የሚያገለግል ውሻ ግን አብዛኛውን ሥራውን በቤት ውስጥ ይሠራል፤ ዘሩም መጠኑም ብዙ አያስጨንቅም። አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1977 የተመሠረተው ዶግስ ፎር ዘ ዴፍ የተባለ ድርጅት ለዚህ ሥራ ከመጠለያ ውሾችን እየመረጠ አሠልጥኗል። መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት በመካኒሳ መኖሩም ክፍለ ከተማውን ለሙከራ ተገቢ ያደርገዋል።

ዋናው ተቃውሞ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፣ ደግሞም ትክክል ነው። አዲስ አበባ ወረርሽኙን ቢያንስ ከ1903 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታውቀዋለች፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶው ከውሻ ነው። ስለዚህ ያልተከተበና ለብቻው ሆኖ ክትትል ያልተደረገለት ውሻ በዕጩነት እንኳ ሊቆጠር አይገባም። ሁለተኛው ተቃውሞ የልማድና የእምነት ነው፦ በብዙ ክርስቲያንና ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ የውሻ ቦታ ግቢ እንጂ ሳሎን አይደለም። ይህን በስብከት ለመለወጥ መሞከር ከንቱ ነው፤ ውሻ ቤት እንዲገባ ለማይፈልግ ሰው በመብራት የሚጠቁም የበር ደወል ይሻለዋል። ወጪው እንደሚከብድም አልክድም፤ ከሚመረጡት የማይመረጡት ይበዛሉና። ያልተመረጡትን መከተብና ማምከን ግን የሰፈሩን ጤና ስለሚጠብቅ ወጪው አይባክንም። ያልተመረጠው ውሻ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያልወሰነ ፕሮጀክት ግን የመጀመሪያውን ውሻ መያዝ የለበትም።