ስለ ነፃ ሶፍትዌርና ስለ መመሪያ ጸሐፊዎቹ

መሣሪያ የሠራ ሰው የመሣሪያውን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ለማያውቀው ማስረዳት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከት ያሰብነው፣ ምንጩ ለሁሉ ክፍት የሆነው ሶፍትዌር ሲስፋፋ፣ ፕሮግራም ሠሪዎችና በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ጸሐፊዎች እንዴት ተጋግዘው እንደ ሠሩ ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በኖቬምበር 3 ቀን 1971 ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ፣ በቤል ላቦራቶሪ፣ ዩኒክስ ለተባለው ሥርዐት የመጀመሪያውን መመሪያ አወጡ። በዚያ መመሪያ እያንዳንዱ ትእዛዝ ከነአገልግሎቱ ሲገለጽ፣ የታወቀ ጉድለት ያለበት እንደ ሆነ ጉድለቱም አብሮ ይጻፍ ነበር። የገዛ ሥራውን ነውር ራሱ የሚጽፍ ሠሪ ብዙ አይገኝምና ልማዱ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ባለሙያ ለባለሙያ የጻፈው በመሆኑ ለጀማሪ ይከብድ ነበር።

በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን፣ ማንም ሰው ሊጠቀምበት፣ ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል ሶፍትዌር ለማዘጋጀት፣ ግኑ የተባለውን ሥራ አስታወቀ። በ1991 ደግሞ የፊንላንዱ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ለሕዝብ አቀረበ። ፕሮግራሙ እንዲህ በነፃ ቢገኝም፣ እንዴት እንደሚጫንና እንደሚሠራበት የሚያስረዳ በቂ ጽሑፍ አልነበረም። ስለዚህ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሊኑክስ ዶክዩሜንቴሽን ፕሮጄክት የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ኅብረት ተነሣ። አንዱ ስለ ማተሚያ፣ ሌላው ስለ ድምፅ፣ ሦስተኛው ስለ ኔትዎርክ እየጻፈ፣ ሥራው በብዙ እጅ ተከፋፈለ። «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለት ይህ ነው።

የሁለቱ ወገኖች መተጋገዝ እንዲህ ነው፤ ጸሐፊው ፕሮግራሙን እንደ ጀማሪ ሆኖ ይሞክራል፤ መንገዱ በጠፋው ጊዜም ሠሪውን ይጠይቃል፤ ያገኘው መልስ ለሚቀጥለው አንባቢ ትምህርት ይሆናል። አንዳንድ ጊዜም የጸሐፊው ጥያቄ የፕሮግራሙን ስሕተት ስለሚገልጥ፣ የሚታረመው መጽሐፉ ሳይሆን ፕሮግራሙ ይሆናል።

ነገር ግን ሌላ ክርክር ተነሣ። ፕሮግራሙ ነፃ ሆኖ መመሪያው የተቈለፈ ቢሆንስ? ስቶልማን ያስረዳው፣ ፕሮግራሙን የሚያሻሽል ሰው መመሪያውንም ማረም ካልተፈቀደለት ሥራው ጎዶሎ እንደሚሆን ነው። በእርግጥም ፕሮግራሙ ተለውጦ ያልታረመ መጽሐፍ፣ ሲጻፍ እውነት የነበረው ሁሉ ዛሬ አሳሳች ይሆናል። ከዚህም የተነሣ በማርች 2000 ለነፃ ጽሑፍ የሚሆን የግኑ ፈቃድ ወጣ። ለመመሪያ የታሰበው ይህ ፈቃድ ከታሰበለት ስፍራ አልፎ፣ ከ2001 እስከ 2009 ድረስ የዊኪፔዲያ ዋና ፈቃድ ሆኖ አገልግሏል፤ በዚያ ዘመን ባማርኛው ውክፔዲያ የተጻፈውም በዚሁ ፈቃድ ሥር ነበር።

በ2019 ጉግል የመመሪያ ጸሐፊዎችን ከነፃ ሶፍትዌር ሠሪዎች ጋር የሚያገናኝና ለጸሐፊዎቹ ገንዘብ የሚከፍል መርሐ ግብር ጀመረ። የጸሐፊው ድካም ዋጋ እንዳለው መታወቁ መልካም ነው። ሆኖም ያለ ደመወዝ የሚጽፈው ብዙ ነው፤ እርሱ የደከመው ዕለት መመሪያው ያረጃል፤ መመሪያው ሲያረጅም ለሁሉ የተሰጠው መሣሪያ ተመልሶ የጥቂት ዐዋቂዎች ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ዕውቀትን ለሕዝብ ማካፈል የሚፈጸመው መሣሪያውን በመስጠት ብቻ ሳይሆን፣ አሠራሩንም በሚገባ ቃል ጽፎ በማስረከብ መሆኑን ልንዘነጋ አይገባንም።