የመጨረሻው ቃል

ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ አንዲት የ22 ዓመት ነርስ ሞተች። ነርሷ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። በስደቱ ዘመን ለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሙያውን ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ተመርቀዋል። ወደ ነቀምቴ የወረዱት ባለቤታቸው አቢይ አበበ የወለጋ ገዥ ስለሆኑ ነበር። ከተጋቡ አራት ወር እንኳ ሳይሞላቸው፣ በእርግዝና ሳቢያ በመጣ ሕመም አለፉ። አዲስ አበባ ላይ በስማቸው የቆመው የመታሰቢያ ሆስፒታል ኋላ ጦር ኃይሎች የተባለው ነው።

ልዕልቲቱ በተማሩበት ዘመን ነርስ ከሁሉ በፊት የሐኪም ትእዛዝ ፈጻሚ ነበረች። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ እንኳ ትእዛዙን በማስተዋልና በታማኝነት እንድትፈጽም ይል ነበር። በ1973 ሲሻሻል ግን የነርሷ ቀዳሚ ኃላፊነት እንክብካቤዋን ለሚሹት ሰዎች ሆነ። ሃያ ዓመት የፈጀ አንድ ዓረፍተ ነገር! በዚሁ መካከል፣ በ1969፣ ሉዊስ ከትነር የተባለ የቺካጎ ጠበቃ ሰው አንደበቱ ሳይዘጋ የሚፈልገውንና የማይፈልገውን ሕክምና ጽፎ እንዲያስቀምጥ ሐሳብ አቀረበ፤ ካሊፎርኒያም በ1976 ሕግ አደረገችው።

እኛስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 20 ማንም ሰው ምርመራንም ሕክምናንም በማናቸውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። መልካም ነው። እምቢ ለማለት ግን አስቀድሞ ሕመሙን ማወቅ ያስፈልጋል፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ክፉው ወሬ የሚነገረው ኮሪደር ላይ ለቆመ ዘመድ ነው። ሞት የቀረበበት ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል መናዘዝም ይችላል። ይሁንና ሕጉ ያን ቃል የሚቀበለው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ትንንሽ ልጆች ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስላልበለጠ ስጦታ ብቻ ነው። ተናዛዡ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ኑዛዜው ይፈርሳል።

ይህን ሁሉ ያገላበጥሁት ከአጎቴ ሞት በኋላ ነው። ከነቀምቴ በስተምዕራብ ባለች አንዲት ከተማ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ ሌሊት፣ ነርሷን "ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ" አሏት። ዓይኗን ወደ እኔ ጣለች፤ እኔ አቀረቀርሁ። አልዋሸቻቸውም። "አባባ፣ የሚድን ሕመም አይደለም" አለቻቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ "እንግዲያው በመኪና አታንከራቱኝ፤ ቤቴ ልሙት" አሉ። ቀጥለው የት እንደሚቀበሩና የእጅ ሰዓታቸውን የትኛው የልጅ ልጅ እንደሚወስደው ነገሩን።

ጠዋት ነርሷ ቃላቸውን ለቤተሰቡ አስረዳች። የበኩር ልጃቸው "በሽተኛ ምን ያውቃል? አባታቸውን ሳያሳክሙ ገደሉ ልንባል ነው?" ብሎ ተቆጣ። እኔም ሌሊት የሰማሁትን ደግሜ መናገር ሲገባኝ ዝም አልሁ። ወደ አዲስ አበባ ጫንናቸው። ነቀምቴን አልፈን፣ ባኮ ሳንደርስ፣ መኪና ውስጥ አረፉ።

ሰዓቱ ለልጅ ልጃቸው ተሰጠ። ቀብራቸውም እንዳሉት ከእናታቸው አጠገብ ሆነ። ለዚህ ለዚህ እኔና ነርሷ ሁለት ምስክሮች በቂ ነበርን።